ተረኛዋ ሸዋገነት

ጽዋው የሸዋገነት አልነበረም፤ የታየች ነበር። ይህን ደግሞ በዚያ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከራሷ ከሸዋገነት በቀር።

የጥቅምቱ የቁስቋም ማርያም ማኅበር እየተገባደደ ነበር። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ዞሯል። መምሬ አድማሴ ጸሎቱን አሳርገው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጽዋ ከፍ አደረጉና «የኅዳሩ ተረኛ!» ብለው ጠሩ። የኅዳሩ ተራ እንደ ሌላው ወር አይደለም። ኅዳር ስድስት ዓመታዊው የቁስቋም ንግሥ ነው፤ ታቦት ይወጣል፣ ሰው ወደ ኮረብታው ይተማል፣ ተረኛዋ ቤትም የማኅበሩ አባል ብቻ ሳይሆን መንገደኛው ሁሉ ይገባል። ታየች ጉልበቷን ይዛ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሣ ስትል ሸዋገነት ከወዲያ ጥግ ብድግ አለች። እንደ ልጃገረድ ነው የተነሣችው። ሄዳ እጇን ዘረጋች፣ ጽዋውን ተቀበለች፣ ሳመችው፣ ብቻዋን እልል አለች።

ቤቱ አብሮ እልል ይበል ወይ ዝም ይበል ጠፋው።

ጽጌሬዳ የእህቷን ቀሚስ ለመያዝ እጇን ብትሰድድም አልደረሰችባትም። «እትዬ፣ ምነው? ያንች ተራ አይደለም እኮ!» አለች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የታየች ነዋ!»

ሸዋገነት ዞር ብላ ታየችን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ታየች ተቀምጣለች። እኔ ቆሜያለሁ» አለች።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ታየችም ሳቀች። መምሬ አድማሴ ግን ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡ። በዚያ ማኅበር ወግ፣ ተሳልሞ የተቀበሉት ጽዋ አይመለስም። ተመልሶ አያውቅም። «እመቤታችን የፈቀደችው ነው፤ በይ ያድርስሽ» አሉ በመጨረሻ። ያን ጊዜ ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ጽጌሬዳ ብቻ እልል ማለት አልቻለችም።

እንዴት ትበል? ሐኪሙ ለሸዋገነት «የመርሳት በሽታ ነው፤ አልዛይመር ይባላል» ካለ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ያኔ መነጽሯን ስኳር ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥና የልጅ ልጆችን ስም ማቀያየር ነበር፤ ዘንድሮ ግን አንድ ቀን የጋዝ ምድጃውን ከፍታ፣ ሳትለኩሰው፣ ጎረቤት ሄዳ ስትጫወት ዋለች። ቤቱን የደረሰችለት ጽጌሬዳ ናት። ሽታው ከበር ተቀበላት፤ የሆነውንም አዲስ አበባ ላለው ለእህቷ ልጅ ለአዘዘ በስልክ እያለቀሰች የነገረችው ራሷ ናት። አዘዘ የሸዋገነት አንድ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርጡን ተናገረ፦ እማዬን እወስዳታለሁ።

ጽጌሬዳ እፎይ ልትል ሲገባት ይብሱን እንቅልፍ አጣች። እህቷን ስትፈራላት አንድ ነገር ነው፤ የእህቷን ቤት ተዘግቶ ልታይ መሆኑን ስታስብ ደግሞ ሌላ። «እኔ ዘንድ ትሁን» ብላ ነበር፤ ሸዋገነት ወይ ፍንክች። «አርባ ዓመት ሙሉ የኖርሁበትን ቤት ትቼ ያንችን ጭቅጭቅ ልሰማ?» ነበር መልሷ።

በማግሥቱ ጽጌሬዳ የጽዋውን ነገር በስልክ ስትነግረው አዘዘ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያም እንዲህ አለ፦

«እሺ እትዬ ጽጌ። ለንግሡ ጠዋት በአውሮፕላን እመጣለሁ። ድግሱን በቤቷ፣ በሰላም ካሳለፈች ትቆይ። አንድ ነገር ከተፈጠረ ግን በዚያው ቀን የአመሻሽ በረራ ይዣት እሄዳለሁ። የሷንም ቲኬት ቆርጫለሁ።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን።»

ከዚህ በኋላ ጽጌሬዳን ማን ይያዛት! እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ናትና ሐኪሙ የነገራትን አንድም አልጣለችም። የጋዙ ምድጃ ወጣ፤ ውኃው ሲፈላ ራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ገባ። እግር የሚያደናቅፈው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ወጣ። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ መብራት አገኘ። የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ተነቅሎ ልብሱ ሁሉ ፊት ለፊት እንዲታይ ተደረገ፤ ያልታየ ነገር ለሸዋገነት እንደሌለ ነውና። የጠዋቱን መድኃኒት ታየች ጎራ እያለች ልታስውጣት ቃል ገባች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐኪሙ «የለመደችውን ነገር ቦታ አትቀይሩባት» ብሎ ነበርና፣ ጽጌሬዳ ጨውን ከጨው ቦታ፣ ጭልፋውን ከጭልፋው ሚስማር ንቅንቅ አላደረገችም። እንግዳ መጥቶ ብርጭቆ ያለ ቦታው ሲያስቀምጥ ተከትላ ትመልሳለች።

አንድ ቀን ደግሞ የሸዋገነትን የዘወትር ነጠላ ሁሉ ሰብስባ፣ ጥለቱ ሥር የራሷን ስልክ ቁጥር በክር ስትጠልፍ ዋለች።

ሸዋገነት አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችው። «ምንድን ነው ይኼ?»

«የኔ ስልክ ነው። እንዲያው… ምናልባት መንገድ ላይ…»

«በግ ነኝ እንዴ ምልክት የምታደርጊብኝ?»

«ኧረ እትዬ!»

«እንግዲያውስ ጆሮዬንም ብጪኝ» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ድሮ እንደነበረችው ናት፤ ጽጌሬዳን የሚያስለቅሳትም ይኼው ነበር።

ደግሞም፣ የሚገርመው ነገር፣ ጠላ ሲጠነሰስ ሸዋገነትን የሚያህላት አልተገኘም። የትናንት ምሳዋን አታስታውስም፤ ጌሾው ግን ሲበዛ ገና ሲሸታት ታውቀዋለች። ብቅሉን በመዳፏ እያሸች «ይኼ አልደረሰም» ስትል ታየች ይዛው ትመለሳለች፣ «ይኼ ሸጋ ነው» ስትል ሥራ ይቀጥላል። ጽጌሬዳ ከኋላዋ ሆና አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አይ ይቺን ቀን አዘዘ ባያት!

የንግሡ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ሸዋገነት ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ ጽጌሬዳ አንድ የመጨረሻ ነገር ታያት። የግቢው በር። ሰማያዊው ቀለም ተልጦ፣ ዝገት በልቶት፣ በአንድ ወቅት መኪና ገጭቶት ሆዱ የገባ ቆርቆሮ በር ነው። አዘዘ በዚህ ይግባ? ታቦት አጅቦ የመጣ ሰው በዚህ ይግባ? ቀለም ቀቢ አስጠራች። ጎድጓዳውን በመዶሻ አቀና፣ ዝገቱን ፋቀ፣ አረንጓዴ አድርጎ ቀባው። ሲጨርስ እንደ አዲስ ቢሮ ያበራ ነበር። ጽጌሬዳ መንገድ ተሻግራ አየችውና እጆቿን አጨበጨበች።

በንግሡ ዕለት ሸዋገነት ገና ጎህ ሳይቀድ ከታየች ጋር ወደ ቅዳሴ ወጣች። በሩ ወደ ውስጥ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ማን በጨለማ በር ያያል?

ረፋዱ ላይ አዘዘ ደረሰ። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ቤቱን መዞር ጀመረ። ማንቆርቆሪያውን ሰካ፣ እስኪጠፋ ቆሞ ጠበቀ። መተላለፊያው ላይ እግሩን እየጎተተ ተራመደ። ጽጌሬዳ እንደ ተማሪ ከኋላው ትከተለዋለች።

«በሩም አምሯል» አላት።

«አየኸው?» ጽጌሬዳ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«እማዬስ?»

«ከታየች ጋር ናት። ታቦቱን አስገብተው ይመጣሉ።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ታየች ላብ በላብ ሆና ገባች። አዘዘን ስማ፣ ወደ ማድቤቱ ዞር አለችና «ሸዋዬ ወጡን እያየች ነው?» አለች።

ጽጌሬዳ ክንዷን ይዛ ጎትታ ወደ ጓሮ አስገባቻት። «ካንች ጋር አይደለችም?»

«ኧረ እሷ ታቦቱ ሳይገባ ነው የተነሣች! ‹እኔ ተረኛ ነኝ፣ ቤቴ እንግዳ አለብኝ› ብላ። ከቁስቋም እስከዚህ ዓይኗን ጨፍና ትመጣለች ብዬ እኮ…»

እውነትም ነበር። ሸዋገነት ብዙ ነገር ጠፍቶባታል፤ ያ መንገድ ግን ጠፍቶባት አያውቅም። ጽጌሬዳ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላትና እጇን ደረቷ ላይ ጣለች። ዛሬ የለበሰችው ያን ለክት የተቀመጠውን አዲስ ነጠላ ነው። ስልክ ቁጥሩ እሱ ላይ የለም!

«ለአዘዘ እንዳትነግሪው» ብላ ሾልካ ስትወጣ አዘዘ «ወዴት ነው እትዬ ጽጌ?» አላት።

«ሎሚ ረሳሁ!» አለች፤ ለምን ሎሚ እንዳለች እግዜር ይወቅ።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ከበሮ ይመታል፣ ወጣቱ ይዘላል፣ ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋል። ጽጌሬዳ በዚያ ዕድሜዋ ሮጠች። ማዕዘኑ ላይ የሰፈሩ ባለባጃጅ ጌቾ ቆሞ ነበር።

«እማማ ጽጌ፣ ምነው ጫማዎ?»

አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ የአዘዘን ሸራ አድርጋ ነው የወጣችው። «ጫማዬን ተወው! እህቴን አይተሃታል?»

ጌቾ ሳቁን ዋጠ። «ይግቡ» አለ ወዲያው።

ወደ ላይ ወጡ፤ የለችም። ወደ ታች ወረዱ፤ የለችም። የቀሐ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ጽጌሬዳ ወደ ወንዙ ማየት ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች። «እየው እስኪ፣ አንተ እየው» አለችው። ጌቾ ወርዶ አየ። ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ብቻ ናቸው። ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ነጭ የለበሰች አሮጊት ባየች ቁጥር «እሷ ናት! ቁም!» እያለች ጌቾን አደከመችው፤ በንግሥ ቀን ደግሞ ነጭ ያልለበሰ ማን አለ?

«እስኪ ከቤት ጀምረን እንጠይቅ» አለ ጌቾ።

ከሸዋገነት ግቢ ፊት ለፊት ቆሎ የምትሸጥ ዓይናዲስ የምትባል ሴት ትቀመጣለች። ወደ ሰፈሩ የመጣችው በቅርቡ ነው። ጽጌሬዳ ከባጃጁ ሳትወርድ አንገቷን አውጥታ ጠየቀቻት።

«ረዘም ያሉ፣ ደርባባ እናት? አዎ፣ አይቻቸዋለሁ። እዚህ መጥተው ያን በር ትኩር ብለው አዩት። ‹የማን ቤት ናት ይቺ?› አሉኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ መስሎኝ፣ ‹የሀብታም ናት› አልኋቸው። ‹ታስታውቃለች› ብለው ሳቁና አለፉ። ከዚያ ወዲያ እኔም ቆሎ ላመጣ ሄጄ አሁን መመለሴ ነው።»

ጽጌሬዳ ወደ በሩ ዞረች። አረንጓዴው በር በፀሐይ ያብረቀርቃል። ጨው፣ ጭልፋ፣ ብርጭቆ ስትጠብቅ ኖራ፣ አርባ ዓመት ሙሉ «ቤትሽ ደርሰሻል» ሲላት የነበረውን ሰማያዊ ዝገት በአንድ ከሰዓት ፍቃ ጥላዋለች። «እኔው ነኝ!» አለች ጮክ ብላ። «እኔው ነኝ ያጠፋኋት፣ ጌቾ! በገዛ እጄ!»

አሁን ምን ቀራት? ለአዘዘ መናገር። አመሻሽ ላይ በረራው አለ፤ እህቷ ብትገኝም ትሄዳለች፣ ባትገኝማ… ይህን አላሰበችውም። ከባጃጁ ወርዳ የግቢውን በር ገፍታ ልትገባ ስትል ከውስጥ እልልታ ፈነዳ።

እልልታ!

ቤቱ ሞልቷል። መምሬ አድማሴ ከወንበሩ ራስ ተቀምጠዋል። መሶቡ ቀርቧል። መሀል ላይ ሸዋገነት የጠላ መቅጃ ማንጠልጠያዋን ይዛ፣ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ «ጠጡ! ምነው፣ ቆሞ የሚያይ እንግዳ ጋብዣለሁ እንዴ?» ትላለች። ጽጌሬዳን ስታያት ፊቷን አኮሳተረች።

«አንች ደግሞ የት ተጎልተሽ ነው እስካሁን? እንግዳ ጥለሽ!»

ጽጌሬዳ እዚያው መዝጊያው ላይ ተደግፋ ቀረች። መሳቅም ማልቀስም አማራት።

«እንዴት መጣሽ?» አለች በሹክሹክታ።

የመለሱት መምሬ አድማሴ ናቸው፤ ለዚያውም ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «እኛ ከቁስቋም ስንወርድ መንገድ ዳር ቆማ አገኘናት። ‹ወዴት ናችሁ?› አለችን። ‹አንች ቤት ነዋ› አልን። ‹እሰይ፣ እኔም ፈልጌ ያጣሁት እሱኑ ነው፤ አብረን እንሂድ› አለች!»

ሰው በሳቅ አለቀ። ሸዋገነትም ከማንም በላይ ሳቀች። «በሬን ሰርቀውኝ ነው እንጂ!» አለች። «የኔን በር ወስደው የባንክ በር ተክለውብኛል!»

አዘዘ ግን አልሳቀም። ጠላውን አስቀመጠ። «ጠፍታ ነበር ማለት ነው?» አለ፤ ወደ ጽጌሬዳ እያየ። «ሎሚ ያልሽው እሷን ፍለጋ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደሷ ዞረ።

«በሩን የቀባሁት እኔ ነኝ» አለች ጽጌሬዳ። «አልጠፋችም፤ እኔ ነኝ ቤቷን…»

«ማንም ይቀባው እትዬ ጽጌ። ያልኩት ይኼንን ነው። ዛሬ በር ነው፣ ነገ ሌላ ነው። እማዬ፣ ልብስሽን እናዘጋጅ።»

ሸዋገነት ማንጠልጠያዋን ለታየች አቀበለችና ከልጇ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። «የት ልትወስደኝ?»

«እኔ ቤት፣ አዲስ አበባ። ከኔ ጋር ነው የምትሆኚው።»

«ሥራ ስትሄድስ?»

«ሠራተኛ እንቀጥራለን።»

«ሠራተኛዋ ገበያ ስትሄድስ? እኔ ወጥቼ፣ በሩ ጠፍቶኝ መንገድ ላይ ብቆም ማንን እጠይቃለሁ?»

«ጎረቤት አለ፣ እማዬ።»

«ማን ይባላል?»

አዘዘ አፉን ከፈተ። ሲገቡና ሲወጡ «ሰላም ነው?» የሚባባሉትን ጎረቤቱን መልኩን ያውቀዋል፤ ውሻም አለው። ስሙን ግን ፈልጎ አጣው።

«እኔ ዛሬ ቤቴ ጠፋኝ» አለች ሸዋገነት፣ እጁን ይዛ። «ይጠፋኛል። ሐኪሙም ብሏል፤ ነገ ደግሞ ይብሳል። ግን ቆሜ ሰው ጠበቅሁ፣ ሰው ጠየቅሁ፣ ሰው አመጣኝ። እዚህ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ባላውቀውም እሱ ያውቀኛል። ያንተ አገር የሚያውቀኝ ማን አለ?»

አዘዘ አንገቱን ደፋ።

ታየች ጣልቃ ገባች። «ተራዬን ነጥቃኝ የለ?» አለች። «እኔም ካሳ እፈልጋለሁ። ሰኞ የኔ ናት። ሰኞ ሰኞ እኔ መጥቼ አያታለሁ፤ መንገድ ካለባትም አብሬያት እወጣለሁ።»

መምሬ አድማሴ ቀና አሉ። «የማኅበር ጽዋ በተራ ይጠጣ ያለ፣ ሰው በተራ አይጠየቅ ብሏል እንዴ? ረቡዕ ከኪዳን መልስ የኔ ነው።» ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጨረታ ሆነ። አንዷ ማክሰኞን ያዘች፣ ሌላው ዐርብን፣ ሁለት ሰዎች በሐሙስ ተጣሉ። ጌቾ እንኳ ከበሩ ሆኖ «ቅዳሜ ገበያ የማደርሳት እኔ ነኝ፣ በነፃ!» አለ።

«የኔስ?» ብላ ጮኸች ጽጌሬዳ።

«አንች በቀን ሦስቴ መምጣትሽን ተይና እሑድን ያዥ» አለቻት እህቷ። «ሌላውን ቀን ልረፍበት።»

አዘዘም ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ውስጥ እንባም ነበረበት። «ስልክሽን አንገትሽ ላይ ታንጠለጥያለሽ» አለ።

«እሺ።»

«ጠዋት ማታ እደውላለሁ። አንድ ቀን ካላነሣሽ ታየች ትሮጣለች። ከባሰብሽም እንደገና እንነጋገራለን፤ አትቆጪኝም።»

«እሺ አልኩህ እኮ። አሁን ብላ፣ ከስተሃል።»

ስልኩን አወጣና የእናቱን ቲኬት ሰረዘ። ጽጌሬዳ በዓይኗ ካላየሁ ብላ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለች። ከዚያም ያ ቤት እንዴት እንደጨፈረ! መምሬ እንኳ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገዋል የሚል አለ፤ እሳቸው ይክዳሉ። ጌቾ ለነገ ሰማያዊ ቀለም እንዲያመጣ ሲታዘዝ ራሱን አከከ፦ «ቀለሙንስ አመጣለሁ፤ ዝገቱን ከየት ልውለድ?»

አመሻሽ ላይ አዘዘ እናቱን ደጋግሞ ስሞ፣ ብቻውን ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። እንግዳው ተሸኘ። ጽጌሬዳ ብርጭቆ አጥባ፣ ቤት ጠርጋ፣ መብራቱን አይታ፣ ማንቆርቆሪያውን ነቅላ፣ ጋቢዋን መደቡ ላይ ማንጠፍ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሸዋገነት።

«ለዛሬ ብቻ እትዬ። ደክሞሻል፣ እኔም…»

«ዛሬ እሑድ ነው?»

ጽጌሬዳ ጋቢዋን መልሳ አጠፈች። እሑድ አልነበረም።

«በይ እንግዲህ። ነይ ላውጣሽ።» ክንዷን ይዛ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት፣ ግንባሯን ሳመቻትና በሩን ዘጋችው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ተሰማ። ቀጥሎም ሸዋገነት ለብቻዋ እያንጎራጎረች ወደ ቤት ስትመለስ።

ጽጌሬዳ መንገዱ መሀል ቆመች። ልቧ አሁንም ይመታል፤ ነገም ይመታል፣ እሷ መስጋቷን አትተውም። ግን ከየት እንደመጣ ያላወቀችው እልልታ ከጉሮሮዋ ወጣ፤ ረጅም፣ ሰፈሩን ያዳረሰ። በዚያ ያልፍ የነበረው ጌቾ ባጃጁን አቆመ።

«እማማ ጽጌ! ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም» አለችው፤ እየሳቀች ወደ ቤቷ መንገድ ጀምራ። «እህቴ ቤቷ ናት።»